የተሽከርካሪ አካል ጥገናና የቀለም ቅብ ሥልጠና

የተሽከርካሪ አካል ጥገናና የቀለም ቅብ ሥልጠና በግጭት፣ በመገልበጥ፣ በበረዶ ወይም በዝገት የተጎዳን መኪና ወደ ቀድሞ ቅርጹ፣ ጥንካሬውና መልኩ መመለስ የሚችሉ ባለሙያዎችን የሚያፈራ የሙያ ትምህርት ነው። ሞተርና ካምቢዮ ከሚያስተምረው የአውቶ ሜካኒክ ትምህርት ጋር ቢቀራረብም ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ሠልጣኙ ቆርቆሮ ማቃናትን፣ ልኬትን፣ ብየዳን፣ የፕላስቲክ ጥገናን፣ ስቱኮንና ቀለም ቅብን ይማራል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የካሜራና የሴንሰር ማስተካከያ ተጨምሮበታል። እንደ አገሩና እንደ ትምህርት ቤቱ ሥልጠናው ከጥቂት ወራት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል።

ስያሜ

በኢትዮጵያ የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃና ባለሙያ ባትላሜራ ይባላል። ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ነው። በዚያ ቋንቋ «ባቴሬ» መምታት፣ «ላሚዬራ» ደግሞ ቆርቆሮ ማለት ስለሆነ ባትላሜራ ሲተረጎም «ቆርቆሮ ቀጥቃጭ» ይሆናል። በጋራዥ ውስጥ የሚሰሙት ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ስቱኮና ሌሎች ብዙ ቃላትም ከዚሁ ምንጭ የተገኙ ናቸው። በብሪታንያ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ የሙያው ስም ተመሳሳይ ትርጉም አለው፤ ባለሙያው «ፓነል ቢተር» ማለትም «ሉሕ ቀጥቃጭ» ይባላል። በአሜሪካ ግን ሙያው ስሙን ያገኘው ከመዶሻው ሳይሆን ከአደጋው ነው፤ «የግጭት ጥገና» ተብሎ ይጠራል።

የሙያው ክፍሎች

በትንሽ ጋራዥ አንድ ሰው ሁሉንም ሥራ ሊሠራ ይችላል። በትልልቅ ጋራዦች ግን ሥራው እንደሚከተለው ይከፋፈላል፦

• ገማች፦ ጉዳቱን መርምሮ የሚቀየሩትንና የሚጠገኑትን ክፍሎች፣ የሥራ ሰዓቱንና ዋጋውን ያዘጋጃል።
• የመዋቅር ጠጋኝ፦ ሻንሲን፣ ምሰሶዎችንና የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙ ክፍሎች ይለካል፣ ይጎትታል፣ ይቀይራል።
• ባትላሜራ፦ በር፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎና የመሳሰሉትን የውጭ ክፍሎች ያቃናል ወይም ይገጥማል።
• አዘጋጅ፦ ስቱኮ ያደርጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ ፕራይመር ይረጫል፣ የማይቀቡትን ቦታዎች በወረቀትና በፕላስተር ይሸፍናል።
• ቀለም ቀቢ፦ ቀለሙን ቀምሞ፣ አመሳስሎ ይረጫል።
• የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ፦ የመኪናውን ኮምፒውተሮች ያነባል፤ ካሜራና ራዳር ያስተካክላል።

ሥልጠናው ለምን አስፈለገ?

ቀደም ባሉት ዘመናት አብዛኞቹ መኪኖች ወፍራም ሻንሲ ነበራቸው፤ የላይኛው አካል በሻንሲው ላይ በብሎን ይታሰር ነበር። ዛሬ ይህ አሠራር በብዛት የሚታየው በጭነት መኪናዎች፣ በፒክአፖችና በአንዳንድ ትልልቅ የመስክ መኪናዎች ነው። የአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች አካል ግን ዩኒቦዲ በሚባለው አሠራር የተሠራ ነው። በዩኒቦዲ አካሉና ሻንሲው አንድ ናቸው፤ ወለሉ፣ ጣሪያው፣ ምሰሶዎቹና የጎማ ማቀፊያዎቹ ተበይደው አንድ ሣጥን ይሆናሉ፤ ሁሉም ክፍል ጭነት ይሸከማል።

ይህ ሣጥን በግጭት ጊዜ እንዴት እንደሚታጠፍ በአምራቹ አስቀድሞ ይወሰናል። የፊትና የኋላ ክፍሎች ተጨማደው የግጭቱን ኃይል እንዲውጡ፣ ተሳፋሪ የሚቀመጥበት ክፍል ደግሞ ሳይታጠፍ እንዲቆይ ታስበው ይሠራሉ። ስለዚህ አንድ ምሰሶ በተሳሳተ መንገድ ቢበየድ ወይም መጨማደድ ያለበት ክፍል ከሚገባው በላይ ቢጠነክር፣ በሚቀጥለው ግጭት መኪናው እንደታሰበው አይሆንም። የኤርባግ ሴንሰሮችም በግጭቱ የሚፈጠረውን ድንገተኛ የፍጥነት መቀነስ ስለሚያነቡ ኤርባጉ ዘግይቶ ወይም ያለ ጊዜው ሊፈነዳ ይችላል። ችግሩ ከቀለሙ ሥር ስለሚደበቅ ባለንብረቱ ሊያየው አይችልም።

በሙያው ውስጥ ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ፍርድ ያገኘው ጉዳይ ነው። አንዲት የ2010 ሞዴል ሆንዳ ፊት መኪና በበረዶ ስለተጎዳች ጣሪያዋ በአንድ ጋራዥ ተቀይሮ ነበር። የአምራቹ መመሪያ አዲሱ ጣሪያ ከመቶ በላይ በሆኑ የነጥብ ብየዳዎች እንዲያያዝ ያዛል፤ ጋራዡ ግን በማጣበቂያ ለጠፈው። በኋላ መኪናዋን የገዙት ባልና ሚስት ይህን አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መኪናዋ ከሌላ መኪና ጋር ስትጋጭ ጣሪያው ከአካሉ ተለያየ፣ የተሳፋሪው ክፍል ተጨማደደ፣ መኪናዋም በእሳት ተያያዘች። ሁለቱም ክፉኛ ተጎድተው በሕይወት ተረፉ። ዳኞቹ ጋራዡ 31.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰኑ። ጣሪያው ከውጭ ሲታይ እንከን አልነበረውም። ዘመናዊ ሥልጠና «የሚያምር ጥገና» እና «ትክክለኛ ጥገና» አንድ አለመሆናቸውን ከመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥልጠናው ይዘት

ጉዳትን መገምገም

የሠልጣኙ የመጀመሪያ ትምህርት ማየት ነው። ግጭት ሁለት ዓይነት ጉዳት ያደርሳል። ቀጥተኛው ጉዳት ሌላው መኪና ወይም ግንብ ያረፈበት ቦታ ነው። ተከታዩ ጉዳት ደግሞ ኃይሉ በአካሉ ውስጥ ተጉዞ ሌላ ቦታ ያደረሰው ነው። ለምሳሌ ከፊት የተመታ መኪና ጣሪያው ላይ፣ ከኋለኛው በር በላይ መጠነኛ እጥፋት ሊታይበት ይችላል። በበሮችና በኮፋኖው ዙሪያ ያለው ክፍተት እኩል አለመሆን፣ የተሰነጠቀ የፋብሪካ ማሸጊያ፣ የተላጠ ቀለም፣ ሲከፈት የሚከብድ በር የተደበቀ ጉዳት ምልክቶች ናቸው። ገማቹ የተጎዱትን የውጭ ክፍሎች ሳያስፈታ ዋጋ ከተናገረ ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ልኬትና ጉተታ

የመዋቅር ጉዳት በዓይን አይፈረድበትም፤ ይለካል። አምራቾች በወለሉ ላይ ያሉ የታወቁ ቀዳዳዎችና ብሎኖች ያላቸውን ርቀትና ከፍታ የሚያሳይ ንድፍ ያወጣሉ። ባለሙያው ይህን ንድፍ ከመኪናው ጋር ያወዳድራል። ለዚህም በእጅ የሚያዝ የልኬት ዘንግ ወይም በኮምፒውተር የሚሠራ የሌዘርና የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ይጠቀማል። አምራቹ ሌላ ካላለ በስተቀር ተቀባይነት ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከ3 ሚሊሜትር አይበልጥም።

ቀጥሎ መኪናው በመጎተቻ መድረክ ላይ በክላምፕ ታስሮ በሃይድሮሊክ ኃይልና በሰንሰለት ይጎተታል። መሠረታዊው ደንብ ጉዳቱ በመጣበት ተቃራኒ አቅጣጫና ቅደም ተከተል መጎተት ነው፤ በመጨረሻ የታጠፈው በመጀመሪያ ይቃናል። ጉተታው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ፣ በየመሃሉ እየተለካ ይከናወናል። ሰንሰለት ሊበጠስ ስለሚችል ሠልጣኙ በሰንሰለቱ መስመር ላይ እንዳይቆም በጥብቅ ይነገረዋል።

ብረትን ማወቅ

ብዙ ጀማሪዎች «ብረት ያው ብረት ነው» ብለው ይገባሉ። በአንድ መኪና ውስጥ ግን የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው ብዙ ዓይነት ብረቶች ይገኛሉ። ተራው ለስላሳ ብረት የመሸከም አቅሙ 300 ሜጋ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በፊትና በኋላ በር መካከል ባለው ምሰሶ ውስጥ የሚገኘው ቦሮን የተጨመረበትና በሙቀት የጠነከረ ብረት ግን 1,500 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይደርሳል። ይህ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ግሎ በድንገት በመቀዝቀዙ ስለሆነ፣ በኦክስጅንና በአሲታሊን እሳት እንደገና ቢሞቅ ጥንካሬውን ያጣል። ስለዚህ ቦሮን ብረት በአጠቃላይ አይቃናም፤ አምራቹ በፈቀደው መስመር ተቆርጦ ይቀየራል። በጋራዥ የተለመደው «ትንሽ አሙቀህ ምታው» የሚባለው ዘዴ ለአሮጌ መኪና ያገለግል የነበረ ቢሆንም በአዲሱ መኪና ላይ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

አልሙኒየም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው፤ ከመቅለጡ በፊት እንደ ብረት ቀልቶ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በላዩ ላይ ያለው ኦክሳይድ ግን ለመቅለጥ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ከብየዳ በፊት መጽዳት አለበት። ብረት የነካ መቦረሻና ማሻ በአልሙኒየም ላይ ከዋለ፣ የሚቀረው የብረት ብናኝ አልሙኒየሙ ከቀለሙ ሥር እንዲበላ ያደርጋል። በመሆኑም የአልሙኒየም መሣሪያዎች ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ፎርድ እ.ኤ.አ. የ2015 ሞዴል ኤፍ-150 ፒክአፕን አካል በአልሙኒየም መሥራት ሲጀምር በአሜሪካ ብዙ ጋራዦች ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍልና ሥልጠና ማዘጋጀት ነበረባቸው።

ብየዳ

ለተሽከርካሪ አካል በብዛት የሚያገለግሉት በጋዝ የሚጠበቀው የሽቦ ብየዳና የነጥብ ብየዳ ናቸው። ለብረት የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅልቅል፣ ለአልሙኒየም ደግሞ ንጹሕ አርጎን ጥቅም ላይ ይውላል። ሠልጣኙ በመኪና ላይ ከመበየዱ በፊት በተመሳሳይ ውፍረት ቁራጭ ቆርቆሮዎች ላይ ይለማመዳል፤ ከዚያም የበየደውን ራሱ በጉልበት ይገነጥለዋል። ጥሩ የነጥብ ብየዳ ሲገነጠል ከአንደኛው ቆርቆሮ ላይ ቁራጭ ቦጭቆ ቀዳዳ ትቶ ይወጣል። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ሳይቀደዱ ከተለያዩ ብየዳው ከላይ ቢያምርም አልያዘም ማለት ነው።

ብየዳ የፋብሪካውን የዝገት መከላከያ ያቃጥላል። ስለዚህ የተበየደው መገጣጠሚያ በፕራይመርና በማሸጊያ ይሸፈናል፤ ባዶ የሆኑት የውስጥ ክፍሎችም ሰም ይረጭባቸዋል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ጥገናው ከውስጥ በዝገት ይበላል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ጊዜው አልፏል።

ማቃናትና ስቱኮ

ለውጭ ቆርቆሮ መሠረታዊ መሣሪያዎቹ መዶሻና በጀርባ በኩል የሚያዝ የብረት መደገፊያ ናቸው። መደገፊያው በትክክል ከመዶሻው ሥር ከተያዘ ብረቱ ይሳሳል፤ ከጎን ከተያዘ ደግሞ አንዱ ጎን ሲወርድ ሌላው ይነሣል። ሠልጣኙ ሁለቱን ለመለየት ሳምንታት ይወስድበታል። ጥሩ ባትላሜራ ከዓይኑ ይልቅ መዳፉን ያምናል፤ ጓንት ወይም ጨርቅ በእጁ አድርጎ ቆርቆሮውን በመዳበስ ዓይን የማያየውን ጎድጓዳ ያገኛል። ቀለሙ ያልተጎዳ ጭረት-አልባ ጎድጓዳ ደግሞ ከጀርባ በረጃጅም ዘንጎች እየተገፋ ያለ ቀለም ሊወጣ ይችላል፤ በበረዶ ለተመቱ መኪናዎች በብዛት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ስቱኮ የመዶሻን ሥራ አይተካም። የሚያገለግለው ከተቃና በኋላ የቀረውን ጥቂት ጉድለት ለመሙላት ሲሆን ውፍረቱ ከ6 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመከራል። የማድረቂያው መጠን ከስቱኮው ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ማድረቂያው ካነሰ ስቱኮው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ከበዛ ደግሞ ቀለሙ ውስጥ ሰርጎ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ከደረቀ በኋላ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ180 እና በ320 እየተሻለ ይሄዳል። ትንሹ ቁጥር ሻካራ፣ ትልቁ ቁጥር ለስላሳ ነው። አንዱን ደረጃ ዘሎ ማለፍ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም የሻካራው ወረቀት ጭረት ከሳምንታት በኋላ በሚያብረቀርቀው ቀለም ላይ ይታያል።

ቀለም ቅብ

የፋብሪካ ቀለም ብዙ ንብርብር ቢኖረውም በጠቅላላው ውፍረቱ 100 ማይክሮን አካባቢ፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በፋብሪካ ባዶው አካል 140 ዲግሪ ሴልሲየስ በሚደርስ ምድጃ ይጋገራል። በጋራዥ ግን መኪናው ፕላስቲክ፣ ጎማና ኤሌክትሮኒክስ ስላለበት ማድረቂያ ኬሚካል የተጨመረበት ቀለም በ60 ዲግሪ አካባቢ ይደርቃል።

የተለመደው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

1. መኪናውን ማጠብ፣ ከዚያም ቅባትና ሰም በማጽጃ ማስወገድ።
2. ባዶ ብረት በታየበት ቦታ የዝገት መከላከያ ፕራይመር መርጨት።
3. መሙያ ፕራይመር መርጨትና በለስላሳ ወረቀት ማሸት።
4. መልኩን የሚሰጠውን ቀለም በስስ ንብርብሮች መርጨት፤ በየመሃሉ እስኪተን መጠበቅ።
5. የሚያብረቀርቀውንና ከፀሐይ የሚከላከለውን ግልጽ ሽፋን መርጨት።
6. ማድረቅ፣ ጉድፍ ካለ ማሸት፣ ፖሊሽ ማድረግ።

መርጫው ከቆርቆሮው ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ እያንዳንዱ ምልልስ ያለፈውን ቢያንስ በግማሽ ይደርበዋል። እጁን እንደ በር ማጠፊያ በቅስት የሚያወዛውዝ ጀማሪ መሃሉን ያወፍራል፣ ጠርዙን ያሳሳል። ቀለሙ ከወፈረ ይፈሳል፤ መርጫው ከራቀ ደርቆ ያርፍና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል።

ከሁሉም አስቸጋሪው ቀለም ማመሳሰል ነው። እያንዳንዱ መኪና የቀለም ኮድ አለው፤ ኮዱ በኮምፒውተር ሲፈለግ የቅመሙ ዝርዝር በግራም ይገኛል። ነገር ግን ፀሐይ የነካው የአምስት ዓመት መኪና ከአዲሱ ኮድ ጋር በትክክል አይገጥምም። ሁለት ቀለሞች በፀሐይ ብርሃን አንድ መስለው በመንገድ መብራት ሊለያዩም ይችላሉ። ሜታሊክ ቀለም ደግሞ በአረጫጨቱ ብቻ ሊጠቁር ወይም ሊነጣ ይችላል። ስለዚህ ቀቢው በመኪናው ላይ ከመርጨቱ በፊት በትንሽ ካርድ ላይ ረጭቶ ያወዳድራል፤ ልዩነቱ እንዳይታወቅም ቀለሙን ወደ አጎራባቹ በር ወይም ፓራፋንጎ እያሳሳ ያዋህደዋል።

ኤሌክትሮኒክስና ካሊብሬሽን

ብዙ አዳዲስ መኪናዎች በፊት መስታወት ላይ ካሜራ፣ በፓራውልቱ ውስጥ ራዳር አላቸው። እነዚህ መሣሪያዎች በራሱ ፍሬን ለሚይዘውና መኪናውን በመስመሩ ለሚያቆየው ሥርዓት ዓይን ናቸው። ካሜራው በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ በ50 ሜትር ርቀት ላይ የሚፈጠረው ስሕተት 87 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ በ100 ሜትር ደግሞ ወደ 1.75 ሜትር ያድጋል። ይህ የአንድ የመኪና መስመር ግማሽ ያህል ስለሆነ ኮምፒውተሩ በጎን መስመር ያለውን መኪና ከፊቱ እንዳለ ሊቆጥረው ይችላል።

ስለዚህ ከጥገናው በፊትና በኋላ የመኪናው ኮምፒውተሮች የያዙት የስሕተት ኮድ ይነበባል፤ መስታወት ከተቀየረ ወይም ፓራውልት ከተነሣ በኋላም አምራቹ ባዘዘው መሠረት ካሊብሬሽን ይደረጋል። አንደኛው ዘዴ በተስተካከለ ወለል ላይ፣ በተወሰነ ርቀት የቆመ ሰሌዳ ፊት ይሠራል፤ ሌላው ደግሞ መኪናውን በመንገድ ላይ በመንዳት ይከናወናል። ሠልጣኙ ከራዳር ፊት ባለ የፓራውልት ክፍል ላይ ስቱኮ ወይም ወፍራም ቀለም ማድረግ የራዳሩን ሞገድ ሊያዛባ እንደሚችልም ይማራል።

ጤናና ደኅንነት

ሁለት አካል ያለው ቀለምና ግልጽ ሽፋን ማድረቂያቸው ውስጥ አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል ይዘዋል። በመርጨት ጊዜ ወደ ሳንባ ከገባ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ ከሥራ ጋር ለተያያዘ አስም ከሚጠቀሱት ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱም ይኸው ነው። ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣ በኋላ በጣም ጥቂት መጠን እንኳ ከባድ የመተንፈስ ችግር ስለሚያመጣ ባለሙያው ሙያውን ለመተው ሊገደድ ይችላል። አይሶሲያኔት ሽታው ከመታወቁ በፊት መጠኑ ጎጂ ደረጃ ላይ ሊደርስ ስለሚችል አፍንጫ መለኪያ አይሆንም። የጨርቅ ወይም የአቧራ ጭምብል ከዚህ ኬሚካል አያድንም፤ በረጪ ክፍል ውስጥ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል፣ ጓንትና ሙሉ ልብስ ይመከራሉ። ረጭቶ እንደጨረሱ ጭምብሉን ወዲያው ማውለቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጉሙ አየር እስኪጠርግ ድረስ በክፍሉ ውስጥ ይቆያል።

ሌሎች ዋና ዋና ጥንቃቄዎች እነዚህ ናቸው፦

• ኤርባግ ካለበት ክፍል አጠገብ ከመሥራት በፊት ባትሪ ይነቀላል፤ የተጠራቀመው ኃይል እስኪያልቅ አምራቹ የወሰነው ደቂቃ ይጠበቃል።
• የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በ400 ወይም በ800 ቮልት ደረጃ ሊሠራ ይችላል። ሥልጠና የሌለው ሰው ብርቱካናማውን ገመድ መንካት የለበትም።
• የኤሌክትሪክ መኪና በቀለም ምድጃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አምራቹ ለባትሪው የፈቀደው ሙቀትና ጊዜ ይረጋገጣል።
• የዚንክ ሽፋን ያለው ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ እንዳይተነፈስ ይደረጋል።
• ቲነርና ቀለም የነካ ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይጣላል።

ሥልጠናው በተለያዩ አገሮች

አሜሪካ

በአሜሪካ ሙያው በሁለተኛ ደረጃ የሙያ ትምህርት ቤቶች፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጆችና በግል የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። በኮሌጅ የምስክር ወረቀት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ አሶሺየት ዲግሪ ደግሞ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች ቀጣይ ሥልጠና ከሚሰጡት ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው አይ-ካር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው ኤ.ኤስ.ኢ. ደግሞ ችሎታን በፈተና ያረጋግጣል። ፈተናዎቹ ቀለም ቅብን፣ መዋቅራዊ ያልሆነ ጥገናን፣ መዋቅራዊ ጥገናን፣ የሜካኒክና የኤሌክትሪክ ክፍሎችን እንዲሁም የጉዳት ግምትን ለየብቻ ይመዝናሉ። ፈተናውን ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ የሥራ ልምድም ይጠየቃል፤ ማረጋገጫውም በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል።

ቀለም ቅብ በፌዴራል ሕግም ይገዛል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ደንብ ክሮሚየም፣ እርሳስና መሰል ብረቶች ያሉበትን ቀለም የሚረጩ ሠራተኞች ሠልጥነው በየአምስት ዓመቱ እንዲያድሱ፣ የረጪ ክፍል ማጣሪያዎችም ከሚወጣው ጉም 98 በመቶውን እንዲይዙ ያዛል።

ጀርመን

በጀርመን ሥልጠናው በጥምር ሥርዓት ይሰጣል። ሠልጣኙ ከአንድ ድርጅት ጋር ውል ገብቶ ወርኃዊ ክፍያ እያገኘ ይሠራል፤ ጎን ለጎን የሙያ ትምህርት ቤት ይማራል። የተሽከርካሪ አካል ሥራ ሦስት ዓመት ተኩል፣ የተሽከርካሪ ቀለም ቅብ ደግሞ ሦስት ዓመት ይፈጃል። በመጨረሻም የሙያ ማኅበሩን ፈተና ያልፋል። ከዚያ በላይ መማር የሚፈልግ ለማይስተር ማዕረግ ተፈትኖ ሌሎችን ማሠልጠን ይችላል።

ኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሙያው ለረጅም ጊዜ ሲተላለፍ የቆየው በጋራዥ ውስጥ ነው። ወጣቱ ረዳት ሆኖ ይገባል፤ መጀመሪያ መፍቻ ያቀብላል፣ ያጥባል፣ ብርጭቆ ወረቀት ያሻል፤ ቀስ በቀስ መዶሻ፣ በመጨረሻም የቀለም መርጫ ይሰጠዋል። ይህ መንገድ እጅን ያሠለጥናል፤ ዕቃ ሲጠፋ ካለው ነገር ፈጥሮ የሚሠራ ባለሙያም አፍርቷል። ጉድለቱ ግን ሠልጣኙ የሚያውቀው አለቃው የሚያውቀውን ብቻ መሆኑ ነው። አለቃው ጭምብል የማያደርግ ከሆነ ተማሪውም አያደርግም።

መደበኛው ሥልጠና የሚመራው በቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ሥርዓት ሲሆን ከሕግ ማዕቀፎቹ አንዱ ዐዋጅ ቁጥር 954/2008 ነው። ትምህርቱ በሙያ ደረጃዎች የተከፋፈለ ሲሆን ሠልጣኙ በኮሌጅና በሥራ ቦታ በሚሰጥ የትብብር ሥልጠና ጊዜውን ይከፍላል፤ በየደረጃው መጨረሻም በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ይወስዳል። በጋራዥ የተማረ ባለሙያም ምዘናውን ወስዶ ችሎታውን በማስረጃ ማረጋገጥ ይችላል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ለዘርፉ አዲስ ጥያቄ አምጥቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲጋጭ ወለሉ ሥር ያለው ባትሪ መፈተሽ፣ ከፍተኛ ቮልቴጁ መቋረጥ፣ ሶፍትዌሩም መነበብ ስላለበት ቆርቆሮ ማቃናት ብቻ የሚያውቅ ባለሙያ ሥራውን በደኅና ማከናወን አይችልም።

ውድድሮች

እ.ኤ.አ. በ1950 በስፔን የተጀመረው ዎርልድ ስኪልስ የተባለው ዓለም አቀፍ የወጣቶች የሙያ ውድድር የተሽከርካሪ አካል ጥገናንና የመኪና ቀለም ቅብን በሁለት የተለያዩ ዘርፎች ያወዳድራል። ተወዳዳሪዎች በተወሰነ ሰዓት ይለካሉ፣ ይበይዳሉ፣ ክፍል ይቀይራሉ፤ ቀቢዎቹም ቀለም ቀምመው ያመሳስላሉ። በአሜሪካ ስኪልስ ዩ.ኤስ.ኤ. ለተማሪዎች ተመሳሳይ ውድድር ያዘጋጃል።

ሥራና ዕድገት

ሠልጥኖ የወጣ ሰው በግል ጋራዥ፣ በመኪና አስመጪዎች የጥገና ማዕከል፣ በትራንስፖርት ድርጅቶች፣ በአውቶቡስ መገጣጠሚያዎችና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የጉዳት ገማችነት ሊቀጠር ይችላል። ልምድ ሲያካብት የቡድን መሪ፣ የቀለም አምራች ድርጅት ቴክኒሻን፣ አሠልጣኝ ወይም የራሱ ጋራዥ ባለቤት መሆን ይችላል።

አከፋፈሉ ይለያያል። በአሜሪካ የተለመደው አንዱ ዘዴ ለእያንዳንዱ ሥራ አስቀድሞ የተተመነ ሰዓት ሲሆን ፈጥኖ የጨረሰ በአንድ ቀን ከሠራበት ሰዓት በላይ ሊከፈለው ይችላል። በኢትዮጵያም በቁርጥ ዋጋ መሥራት የተለመደ ነው። ሁለቱም አከፋፈሎች ፍጥነትን ስለሚሸልሙ ሠልጣኙ ገና ከጅምሩ የሚጋፈጠው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማንም የማያየውን የነጥብ ብየዳና የውስጥ ሰም ሠርቶ ማለፍ ወይስ መዝለል። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ሁለቱም ጥገናዎች ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው መኪናው ዳግም ሲጋጭ ነው። ለዚህም የተሟላ ሥልጠና እያንዳንዱን ደረጃ በልኬት ወረቀት፣ በፎቶግራፍና በኮምፒውተር ንባብ መዝግቦ የማስቀመጥ ልማድን ከእጅ ሥራው እኩል ያስተምራል።